ሪደሩ ቀረ እንጂ ጣጣው አልቀረም
«ዩኤስቢ መሰኪያው አብሮት ያለ የካሜራ ሜሞሪ ካርድ የያዘ መንገደኛ ሌላ ምንም አያስፈልገውም» የሚለው ግማሹ ብቻ ነው ልክ። ካርድ ሪደር (ካርዱን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘውን መሣሪያ) መሸከም ይቀራል፤ ግን ተጣጥፎ የሚወጣው ትልቁ ዩኤስቢ ስለሆነ ስልክ ላይ ለመክፈት ኦቲጂ (ትልቁን ዩኤስቢ ከስልክ ጋር የሚያገናኝ መሰኪያ) ያስፈልጋል፣ ስልኩም ኦቲጂ የሚቀበል መሆን አለበት። ዋናው ችግር ያለው የሚሰካበት ኮምፒውተር ላይ ነው። ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ፎቶ ሲያነሳ የዋለ ሰው ጅማ መርካቶ ወርዶ ያገኘው ኮምፒውተር ላይ ከሰካው ሾርትከት ቫይረስ ይዞ ሊወጣ ይችላል፦ ፎልደሮቹ በሙሉ ቀስት ያለባቸው፣ 1 ወይም 2 ኪሎባይት የሆኑ ሾርትከቶች ሆነው ቁጭ ይላሉ። እንዲህ ሲሆን «ፎርማት አድርገው» (ካርዱን በሙሉ አጽዳው) ብለህ የምትመክር ወንድሜ፣ ኧረ ተው! ፎቶዎቹ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም። ሾርትከቱን ሳትነኩ ካርዱን በኦቲጂ አንድሮይድ ስልክ ላይ ክፈቱት፤ የዊንዶውስ መደበቂያ እዚያ ስለማይሠራ ብዙ ጊዜ ይታያሉ፣ አንዳንዴም ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ። ፎቶዎቹን ብቻ ወደ ስልኩ ኮፒ አድርጉ፣ መከፈታቸውን አረጋግጡ፣ ከዚያ ካርዱን ካሜራው ላይ ፎርማት ማድረግ ይቻላል። ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ «ከት» የሚባለውን (ፎቶውን ከካርዱ አንስቶ የሚያዛውረውን) እርሱት፣ ኮፒ ብቻ። ዩኤስቢ 2.0 (የቆየው፣ ቀርፋፋው የዩኤስቢ ዓይነት) በሰከንድ 25 ሜጋባይት ቢሰጥ፣ የሞላ 32 ጊጋ ካርድ ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፣ ለጅማ መብራት ደግሞ ይህ ለመሄድ ይበቃዋል። ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ።