ማስተካከያ፦ የጥሬና የተቆላ ቡና ዋጋ ንጽጽር

ባለፈው ጽሑፌ ደብረ ብርሃን ላይ ጥሬ ቡና ገዝቶ ቤት መቁላትን፣ ተቆልቶና ተፈጭቶ ከሚሸጠው ጋር አወዳድሬ ነበር። የሁለቱን የኪሎ ዋጋ እንዳለ አስቀምጬ፣ ልዩነቱ በሙሉ የነጋዴ ትርፍ ነው አልኩ። ተሳስቻለሁ።

ቡና ሲቆላ ክብደቱ ይቀንሳል። የቡና አቆላል መመሪያዎች ከ15 እስከ 20 በመቶ ገደማ ነው ይላሉ። ጠቆር ከተደረገ ከዚያም ያልፋል። ጥሬው ፍሬ ውስጥ ከ10 እስከ 12 በመቶ የሚሆን ውሃ አለ፤ እሱ ይተናል። ስስ ገለፈቱም ይረግፋል። ስለዚህ ከ1 ኪሎ ጥሬ የሚተርፈው ከ800 እስከ 850 ግራም ነው። ይህም ከለቀማ በኋላ ነው። ጠጠሩና ስባሪው ሲወጣ ምን ያህል እንደሚጎድል እናቶቻችን በደንብ ያውቁታል።

ጥሬው በኪሎ 500 ብር ነው እንበል። ክብደቱ በ20 በመቶ ከቀነሰ፣ 1 ኪሎ የተቆላ ቡና ከሰሉና ድካሙ ሳይታሰብ 625 ብር ይፈጃል። የታሸገውን ዋጋ ማነጻጸር ያለብን ከ500ው ሳይሆን ከዚህ ጋር ነው።

ጽሑፌን ይዛችሁ ከሰፈር ባለሱቅ ጋር የተከራከራችሁ አላችሁ። ይህ ከልብ አሳዝኖኛል። እናንተንም ባለሱቆቹንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። የፊተኛውን ስሌት ለሰው ያጋራችሁ፣ እባካችሁ ይህንንም አድርሱልኝ።

ስለ ሻይ ቅጠል የጻፍኩት አልተለወጠም። እሱ ደርቆ ስለሚሸጥ ፓኬቶቹን በግራም ማወዳደር ይቻላል።