«ኅሊናችን አልፈቀደም» የሚለው ታሪክ የተወለደበት ማታ

«እዚህ ቤት ማይክሮፎን ቀብረውብን ይሆን እንዴ?» ሲል ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኩርት ዲብነር ጠየቀ። የሙያ ባልደረባው ቨርነር ሃይዘንበርግ ሳቀ። እንግሊዞች ያን ያህል ብልጦች አይደሉም፣ በዚህ ነገር ትንሽ ኋላ ቀር ናቸው ብሎ መለሰለት። ይህንን ሲባባሉ ማይክሮፎኑ እየሰማቸው ነበር።

ጊዜው ጁላይ 1945 ነው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ አካባቢ የሚገኝ ፋርም ሆል የሚባል ቤት ነው። እንግሊዞች፣ አብዛኞቹ በሂትለር ጊዜ የዩራኒየም ምርምር ላይ የሠሩ አሥር የጀርመን ሳይንቲስቶችን እዚያ ዘግተው አስቀምጠዋቸዋል። ጥሩ ይበላሉ፣ ጋዜጣ ያነባሉ፣ ግቢው ውስጥ ይንሸራሸራሉ። የሚያወሩት ነገር ግን በድብቅ ይቀዳል። የንግግራቸው ጽሑፍ ለሕዝብ ይፋ የሆነው በ1992 ነው።

ይህን የማነሳው አንድ ወሬ ደጋግሞ ጆሮዬ ስለሚገባ ነው። «የሂትለር ሳይንቲስቶች አቶም ቦምብ መሥራት አቅቷቸው አይደለም፤ ኅሊናቸው አልፈቀደላቸውም» ይባላል። ደስ የሚል ታሪክ ነው። እኔ ግን አልቀበለውም። ታሪኩ ሲወለድ የሰሙ ጆሮዎች አሉና።

ኦገስት 6 ማታ፣ ከእራት በፊት፣ የቤቱ ኃላፊ የሆነው መኮንን ኦቶ ሃንን ለብቻው ጠርቶ ሂሮሺማ ላይ አቶም ቦምብ መጣሉን ነገረው። ሃን በ1938 መጨረሻ በርሊን ውስጥ ከፍሪትዝ ሽትራስማን ጋር የዩራኒየም አቶም አስኳል መሰንጠቅን፣ ማለትም የቦምቡ ኃይል የሚመነጭበትን ሂደት፣ በሙከራ ያገኘ ሰው ነው። ዜናው ሰበረው። ለዚያ ሁሉ ሰው ሞት ተጠያቂው እኔ ነኝ አለ። መኮንኑ መጠጥ እየሰጠ አረጋጋው።

ሌሎቹ እራት ላይ ሲሰሙ መጀመሪያ አላመኑም። ሃይዘንበርግ ውሸት ነው አለ። በሦስት ሰዓቱ የቢቢሲ ዜና ግን ነገሩ ተረጋገጠ። ያኔ ክርክሩ ጦፈ። ካርል ፍሪድሪሽ ፎን ቫይስዜከር እንዲህ አለ፦ «ያልሠራነው የፊዚክስ ሰዎች ሁሉ በመርህ ደረጃ ስላልፈለጉ ይመስለኛል። ጀርመን እንድታሸንፍ ብንፈልግ ኖሮ ይሳካልን ነበር።» ሃን ወዲያው መለሰለት፦ «ይሄን አላምንም። ባለመሳካቱ ግን አመሰግናለሁ።»

ማክስ ፎን ላውም እዚያው ነበር። ናዚዎችን በግልጽ የተቃወመ፣ ቦምቡ ሥራ ውስጥ ያልገባ ሰው ነው። በ1959 በጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ ጀርመኖች ቦምቡን አልፈለጉትም የሚለው ትረካ እዚያ ማዕድ ላይ እንደተበጀና ንግግሩን ይመራ የነበረው ቫይስዜከር እንደሆነ ተናግሯል። ሥነ ምግባር የሚባል ነገር ሲነሳ አልሰማሁም ብሏል። ከአሥሩ አንዱ የሰጠው ምስክርነት ነው። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሰን ሥራቸውን እንይ። ያው ቫይስዜከር በጁላይ 1940 ለጦር ሠራዊቱ ሪፖርት ጽፏል። በዩራኒየም ማብላያ (የአቶሞች መሰንጠቅ ሳይቋረጥ በቁጥጥር የሚካሄድበት መሣሪያ) ውስጥ የሚፈጠር አዲስ ንጥረ ነገር ለፈንጂ ሊያገለግል እንደሚችል የጠቆመው እሱ ራሱ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የምንለው እንዲህ ያለውን ነው።

ያልተሳካላቸው ለምንድን ነው? መልሱ ብዙ ነው። በ1933 የወጣው ሕግ አይሁዳውያን ምሁራንን ከዩኒቨርሲቲ አባረረ። የሃን የረጅም ጊዜ የሥራ ባልደረባ ሊዘ ማይትነር በ1938 ነፍሷን ለማትረፍ ተሰደደች። ሃን ያገኘውን ውጤት ከስዊድን ሆና ከእህቷ ልጅ ጋር የተነተነችው እሷ ናት። ኖቤሉን ግን ሃን ብቻውን ወሰደ። ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ማብላያ እንዲሠራ የኒውትሮኖችን ፍጥነት የሚቀንስ ነገር ያስፈልጋል፤ በ1941 የፊዚክስ ሊቁ ቫልተር ቦቴ ለዚህ ግራፋይት (የእርሳስ እምብርት የሚሠራበት ካርቦን) አይሆንም የሚል ውጤት አገኘ፤ ችግሩ የናሙናው ንጹሕ አለመሆን ነበር። ስለዚህ ለዚሁ ሥራ ከኖርዌይ በሚመጣ ከባድ ውኃ (ከባዱን የሃይድሮጅን ዓይነት የያዘ ውኃ) ላይ ተንጠለጠሉ። የኖርዌይ አርበኞች በፌብሩዋሪ 1943 ይህ ውኃ የሚመረትበትን የቬሞርክ ፋብሪካ አፈነዱባቸው፣ በዓመቱ ደግሞ የቀረውን የጫነችውን ጀልባ አሰመጡ። በጀልባዋ ከሞቱት 18 ሰዎች 14ቱ የአገራቸው ልጆች ነበሩ። 1942 ላይ የጀርመን ጦር ሠራዊት ቦምቡ ለዚህ ጦርነት አይደርስም ብሎ ገምቶ ነበር። አሜሪካ ግን ከመቶ ሺህ በላይ ሰው አሰማርታ 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አፈሰሰችበት።

ቢሆንም ጀርመኖቹ ሥራውን አላቆሙም። ሃይገርሎክ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሥር አለት ተፈልፍሎ የተሠራ የቢራ ማስቀመጫ ነበር። እዚያ ውስጥ 664 የዩራኒየም ኩቦችን፣ እያንዳንዱ ጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በሽቦ አንጠልጥለው ከባድ ውኃ ውስጥ ነከሩ። ይህ ማርች 1945 ነው። በርሊን እየነደደች ነው። ማብላያው ግን ሳይቀጣጠል ቀረ፤ ዩራኒየሙም ውኃውም አነሰ። አሜሪካኖች ቺካጎ ላይ ይህንኑ በዲሴምበር 1942 ጨርሰውት ነበር። በኅሊናው ምክንያት የተወ ሰው እስከ መጨረሻው ወር ድረስ ኩብ አያንጠለጥልም።

ያን ማታ ፋርም ሆል ውስጥ ሃይዘንበርግ ለቦምቡ ወደ አንድ ቶን የሚጠጋ ዩራኒየም ያስፈልጋል ብሎ አሰላ። የሂሮሺማው ቦምብ የያዘው 64 ኪሎ ገደማ ነው። በሳምንቱ ስሌቱን አርሞ ለጓደኞቹ አስረዳ። ጎበዝ ሰው ነበር፤ ያንን ስሌት በደንብ የተቀመጠበት ግን ያኔ ይመስለኛል።

በኅሊናው ምክንያት የተወ ሰው ከተፈለገ ስሙ ጆሴፍ ሮትብላት ነው። ፖላንዳዊ ነው። ሚስቱ ቶላ ፖላንድ ቀርታ በናዚዎች እልቂት አልቃለች። አሜሪካ ቦምቡን የሠራችበት ሎስ አላሞስ የሚባል ምስጢራዊ ቤተ ሙከራ የገባው ሂትለር እንዳይቀድመን ብሎ ነበር። በ1944 መጨረሻ ጀርመኖች ቦምብ እንደሌላቸው ሲነገረው፣ የመጣሁበት ምክንያት አልቋል ብሎ ለቀቀ። ጦርነቱ ገና አላለቀም፣ ቦምቡም ገና አልፈነዳም። ማንም ስለ ኅሊናው አልጠየቀውም። በገና ዋዜማ መርከብ ተሳፍሮ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ።