ድምሩ አልገጥም ያለው ለምንድነው?

ዳይሜንሽናል (ቁጥሮችን በጊዜ፣ በዕቃ፣ በደንበኛ ለማጠቃለል የተደራጀ) እና ሪሌሽናል (ዝርዝሩን እርስ በርስ በተያያዙ ቴብሎች የያዘ) የዳታ ሞዴልን በአንድ ሪፖርት መቀላቀል ጊዜ ይቆጥባል የሚለው ላይ በፍጹም አልስማማም። ጊዜው የሚባክነው በኋላ ነው፣ ፋይናንስ ክፍል “ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?” ብሎ ሲጠይቅ።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ደረሰኙ ላይ የዴሊቨሪ 300 ብር አለ እንበል፣ በዚያው ደረሰኝ የተሸጡት ዕቃዎች ደግሞ 4 ዓይነት ናቸው። የደረሰኙን ቴብል ከዕቃ ዝርዝሩ ቴብል ጋር ጆይን አድርጋችሁ (አገናኝታችሁ) ስትደምሩ ያቺው 300 ብር በእያንዳንዱ ዕቃ መስመር ላይ ስለምትደገም አራት ጊዜ ትቆጠርና 1,200 ትሆናለች። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ሪፖርቱ አምሮበት ይወጣል! የሚያስፈራው ይሄ ነው።

ኮግኖስ (የአይቢኤም የሪፖርት መሥሪያ ሶፍትዌር) ላይም ያው ነው። ኪዩብ (በዳይሜንሽናል መልክ የተደራጀ ዳታ) ላይ የኤስኪውኤል (የሪሌሽናል ዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ልማዱን ይዞ ዲቴይል ፊልተር (መስመር በመስመር የሚያጣራ) የሚጭን ሰው ብዙ ነው፣ እዚያ ግን ማሰብ ያለብን በሜምበር (እንደ አንድ ወር ወይም አንድ ደንበኛ ያለ የኪዩቡ አባል) እና በስላይሰር (ድምሩን በተመረጡ ሜምበሮች የሚወስን ማጣሪያ) ነው።

ማጠቃለያው ከስታር ስኪማው (ከዳይሜንሽናሉ ሞዴል) ይምጣ። የእያንዳንዱን ደረሰኝ ዝርዝር ማየት የፈለገ በድሪል ስሩ (ከማጠቃለያው ወደ ዝርዝሩ በሚወስድ ሊንክ) ወደ ሪሌሽናሉ ሪፖርት ይሂድ። ሁለቱን አንድ ኩዌሪ (የዳታ መጠይቅ) ውስጥ አታጭቋቸው። በእርግጥ የደንበኛው ኮድ ሁለቱም ጋ አንድ ካልሆነ ይሄም አይሠራም፣ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።