ከሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ የቱ ይበልጣል፦ ፌሎውሺፕ ወይስ ሪተርን ኦፍ ዘ ኪንግ?

ከቶልኪን መጽሐፍ የተሠሩት፣ ክፉ ኃይል ያለውን ቀለበት እሳት ውስጥ ጥሎ ስለማጥፋት የሚያወሩት የፒተር ጃክሰን ሦስት ፊልሞች በ2001፣ በ2002 እና በ2003 እ.ኤ.አ. ነው የወጡት። እሱ የመጀመሪያውን፣ ፌሎውሺፕን ይላል፣ እሷ የመጨረሻውን፣ ሪተርን ኦፍ ዘ ኪንግን።

እሱ፦ ሦስቱንም ጃክሰን ኒውዚላንድ ውስጥ ባንዴ ነው የቀረጻቸው፣ ዋናዎቹ ተዋናዮች ያው ናቸው፣ ሙዚቃውም የሃዋርድ ሾር ነው፣ ስለዚህ ልዩነቱ ፊልሙ ጊዜውን ምን ላይ አጠፋ የሚለው ነው። ፌሎውሺፕ ሰዎቹ ላይ ነው ያጠፋው። ከተጓዦቹ አንዱን፣ ተዋጊውን ቦሮሚርን እይው እስቲ። በረዶው ላይ ቀለበቱን የተሸከመው ፍሮዶ ተንከባሎ ቀለበቱ ከአንገቱ ሲወድቅ ቦሮሚር በሰንሰለቱ አንጠልጥሎ ያነሳዋል፣ ፈዞ ያየዋል፣ ሌላው ተጓዥ አራጎርን ስሙን ጠርቶ ለፍሮዶ ስጠው እስኪለው ድረስ አይመልስም፣ ሲመልስም ፈገግ ብሎ የልጁን ጸጉር በእጁ ያሻሸዋል። ያኔ ካሜራው የአራጎርንን እጅ ያሳየናል፦ ሰይፉን ጨብጦት ነበር፣ አሁን ገና ለቀቀው። ማንም ምንም አላስረዳንም፣ ግን ሁሉም ገባን። ያው ቦሮሚር መጨረሻ ላይ የጉዞ ጓደኞቹን ሜሪና ፒፒንን ለማዳን ቀስት ደረቱ ላይ እየተተከለ ይዋጋል። መጽሐፉ ላይ ሞቱ የሁለተኛው ቅጽ መክፈቻ ነው፣ ጃክሰን ወደ መጀመሪያው ፊልም መጨረሻ ያመጣው፣ ለኔ ከሦስቱም ፊልም ትልቁ ውሳኔ እሱ ነው።

እሷ፦ ወንድሜ ቦሮሚርን አልነካብህም፣ እኔም አልቅሼበታለሁ። ግን ሪተርን ኦፍ ዘ ኪንግ 11 ኦስካር ታጭቶ 11ዱንም ነው የወሰደው፣ ያንተው 13 ታጭቶ 4 ነው ያገኘው። ሽልማት አያሳምነኝም ካልክ ደሞ የፒፒንን ዘፈን አስታውስ። የሚናስ ቲሪት ከተማ ገዥ ዴኔቶር ልጁን ፋራሚርን ለሞት ልኮት እሱ ማዕድ ላይ ቁጭ ብሎ ይበላል፣ ፒፒንን ዝፈንልኝ ይለዋል፣ ፒፒን እየዘፈነ የፋራሚር ፈረሰኞች ጠላት ወደያዛት ኦስጊሊያት ይጋልባሉ፣ የቲማቲሙ ጭማቂ ደግሞ በሰውዬው አገጭ ላይ እንደ ደም ይወርዳል። ዜማውን ያወጣው ራሱ ተዋናዩ ቢሊ ቦይድ ነው። ሰዎቹ ላይ ጊዜ ማጥፋት ካልክ ይሄ ምንድነው ታዲያ?

እሱ፦ እሱስ ልክ ነሽ። ግን ለእርዳታ የሚመጡት ሙታኑስ? ያን ሁሉ ሰዓት ሚናስ ቲሪት ልትወድቅ ነው ብለን ልባችን ተሰቅሎ፣ ሊያግዟት የመጡት የሮሃን ሰዎች ፈረሳቸው ላይ እያለቁ፣ አረንጓዴ መናፍስት እንደ ጎርፍ መጥተው ጦርነቱን በደቂቃ ጨረሱት። መጽሐፉ ላይ እኮ ሙታኑ መርከቦቹን አስለቅቀው እዛው ነው የሚሰናበቱት፣ ከተማው የሚደርሱት በሕይወት ያሉ ሰዎች ናቸው። የሮሃን ንጉሥ የቲዮደን ሞት የረከሰው እዚህ ጋ ነው። ፌሎውሺፕ ላይ እንዲህ ያለ አቋራጭ የለም፣ ሞሪያ የሚባለው የተራራ ዋሻ ውስጥ ባልሮግ የሚሉት የእሳት ጭራቅ ሲመጣ ጠንቋዩ ጋንዳልፍ ራሱ ነው የሚከፍለው። ደሞ መጨረሻው፣ አለቀ ሲሉት አላልቅ ያለው ነገር...

እሷ፦ የሙታኑን እቀበልሃለሁ፣ እኔንም ያናድደኛል። መጨረሻውን ግን አልሰጥህም። አራቱ ሆቢቶች፣ ትንንሾቹ ሰዎች ፍሮዶ፣ ሳም፣ ሜሪና ፒፒን፣ አገራቸው ገብተው መጠጥ ቤት ቁጭ ብለዋል፣ ዓለም ተርፎ የመጣው በነሱ ነው፣ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም፣ አንድ ሰውዬ ትልቅ ዱባ ይዞ ሲገባ ቤቱ ሁሉ ዱባውን ነው የሚያየው። አራቱ ዝም ብለው ይተያዩና ብርጭቋቸውን ያነሳሉ። ብዙ ዓመት ተሰዶ ሰፈሩ የተመለሰ ሰው ያችን ጠረጴዛ ያውቃታል። እሷ ትቆረጥ ነው የምትለኝ?

እሱ፦ አትቆረጥ! ግን ያቺን ጠረጴዛ እንድትወጃት ያደረገሽ የመጀመሪያው ፊልም ነው፣ የፍሮዶ አጎት የቢልቦ 111ኛ ልደት፣ ርችቱ፣ ጭፈራው፣ ቢልቦ ቀለበቱን ለመተው እየታገለ ከእጁ ሲጥለው ወለሉ ላይ ዱብ ብሎ ሳይነጥር የሚቀረው። ክብደቱን ያኔ ነው ያወቅነው።

እሷ፦ ጥሩ፣ እሱን ስላነሳህልኝ ደስ ብሎኛል። ቢልቦ ጣለው አይደል? ፍሮዶ ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ፣ ሳም ጀርባው ላይ ተሸክሞት ተራራውን ወጥቶ፣ እሳቱ አፋፍ ላይ ቆሞ አልጥልም አለ፣ የኔ ነው አለ። ያንተን ፊልም ብቻ ያየ ሰው ይሄ ልጅ እንደ አጎቱ ይጥለዋል ብሎ ነው የሚተኛው።