ወረቀቱ እስኪደርስ ልጁ ምን ይሁን?

በቅርቡ ጅማ ውስጥ በተካሄደ አንድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ፣ ልጆቻቸው የኦቲዝም ምርመራ ወረፋ እየጠበቁ ያሉ ወላጆች የቀጥታ ድጋፍ፣ ማለትም መሥራት ለማይችሉ ድሆች በከተማ ሴፍቲኔት የሚሰጠው ገንዘብ፣ ማመልከቻቸው ለምን እንደማይመዘገብ ጠየቁ። የድጋፍ ተጠቃሚዎችን የሚለየውን ኮሚቴ የሚመሩት ኃላፊ መልስ አጭር ነበር፤ የሐኪም ማስረጃ የሌለው ማመልከቻ አይመዘገብም፣ ያለ ማስረጃ በሩን ከከፈትን ደግሞ ልጁ ያስቸገረው ወላጅ ሁሉ ኦቲዝም ነው እያለ ይሰለፍብናል አሉ። ከተሰብሳቢው ጥቂቱ ሳቀ። ስብሰባውም ወደ ቦይ ጠረጋና ወደ መንገድ መብራት አለፈ።

ያሳቀውን አባባል አስቀድመን እንየው። ጅማ ውስጥ ጤነኛ ልጁን በሐሰት ኦቲዝም አለበት ብሎ የሚያስመዘግብ ወላጅ ይኖራል ብሎ ለመስጋት፣ ከዚህ ከተማ ሰው ጋር አንድ ቀን እንኳ ቡና ጠጥቶ አለማወቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ልጅ የወለደ ቤተሰብ የሚደክመው ልጁን ለማሳየት ሳይሆን ለመደበቅ ነው። እንግዳ ሲመጣ ልጁ ጓዳ ይገባል፤ የሠርግ ጥሪ ሲደርስ እናቲቱ አሞኛል ብላ ትቀራለች። አንዱ ጎረቤት ቡዳ በልቶት ነው ይላል፣ ሌላው የወላጅ ኃጢአት ነው ይላል፣ ተምሬያለሁ ባዩ ደግሞ ስልክ አስይዛችሁት ነው ብሎ ይፈርዳል። ታላቅ እህቱ ለትዳር ስትታሰብ በዘራቸው አለ የሚለው ሹክሹክታ ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ አማቾቿ ቤት ይደርሳል። ጸበልም ይኬድ ዱዓም ይደረግ፣ ብዙው የሚፈጸመው ሰው ሳያይ ነው። ይህን ሁሉ መከራ በገዛ ቤቱ ላይ ጠርቶ፣ ወሩን ለማያዘልቅ ድጎማ ሲል ስሙን ከተጠቃሚዎች ዝርዝር ጋር በአደባባይ የሚያስለጥፍ አታላይ ካለ፣ እኔ በበኩሌ ከገንዘቡ በፊት ለእርሱ ለራሱ ሐኪም እንዲታዘዝለት እጠይቃለሁ። ኃላፊው የፈሩት ሰልፍ በዚህች ከተማ ታይቶ አይታወቅም፤ ወደፊትም አይታይም።

ገንዘብና ስም ያላቸው ሰዎች እንኳ ምን እንደገጠማቸው እናውቃለን። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ አዲስ አበባ ውስጥ የታወቀ የውበት ሙያ ማሠልጠኛ የነበራቸው፣ ዓለምን ያዩ ሴት ነበሩ። ያም ሆኖ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት አጥተው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነውን የጆይ ኦቲዝም ማዕከል እስከመክፈት ደረሱ። እርሳቸው ማዕከል ከፈቱ፤ እዚህ ጅማ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ በቡና መጋዘን ለቀማ የምትተዳደር እናት ምን ትክፈት?

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ኮሚቴው የሚጠይቀው ማስረጃ ዛሬ ተሄዶ ዛሬ የሚመጣ ነገር ይመስል፣ ኃላፊው ይዛችሁ ስትመጡ እናስተናግዳችኋለን ብለዋል። ኦቲዝም በደም ምርመራ አይታወቅም፤ በራጅም ሆነ በኤምአርአይ አይታይም። ሙያው ያለው ሰው ልጁን ተቀምጦ ማየት፣ ሲጫወትና ሲጠራ ምን እንደሚያደርግ መከታተል፣ ወላጆቹን ከእርግዝናው ጀምሮ መጠየቅ አለበት። ያልተናገረ ልጅ መጀመሪያ ጆሮው መስማቱ ይመረመራል፤ ከዚያ ሌላ ክፍል፣ ከዚያ ሌላ ቀጠሮ ይከተላል። የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን ምልክቶቹ ገና በሕፃንነት ሊለዩ እየቻሉ ምርመራው ብዙ ጊዜ በጣም ዘግይቶ እንደሚደረስበት ይናገራል። ይህን የሚለው ስለ ዓለም ሁሉ፣ ሐኪም የሞላባቸውን አገሮች ጭምር ይዞ ነው። እኛ ዘንድ በልጆች የአእምሮ ጤና ላይ የተካኑ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹም ያሉት አዲስ አበባ ነው።

ጅማ ትልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አላት፤ ይህ ለከተማዋ ክብር ነው። ነገር ግን የዚያ ሆስፒታል ታካሚ የጅማ ሰው ብቻ አይደለም፤ ከኢሉባቦር፣ ከከፋ፣ ከቤንች፣ ከሸካ፣ ከዳውሮ የሚመጣው ሕዝብ ሁሉ እዚያው በር ላይ ይገናኛል። ወረፋው ረዝሞ፣ ወይም ጉዳዩ ከብዶ ሪፈር የተጻፈለት ልጅ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስ አለበት። እንግዲህ ኃላፊው ይህን ጉዞ አንድ ጊዜ ያስቡት። የሞተር ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን ይዞ የሚጮህ፣ የማያውቀው ሰው ሲነካው ራሱን ከመስኮት ጋር የሚያጋጭ የአምስት ዓመት ልጅ ጎህ ሳይቀድ መነኸሪያ ይወሰዳል፤ ረዳቱ ዝም አስብይው ይላል፣ ተሳፋሪው አሳደግሽው ወይስ አበላሸሽው ይላል፤ ማታ ደግሞ የአልጋ ቤቱ ባለቤት ልጁ ሲጮህ ሰምቶ ቁልፉን ይቀበላል። በማግሥቱ ልጁ ደክሞት በሐኪሙ ፊት ይተኛል፤ ተኝቶም አልታየም ተብሎ ሌላ ቀጠሮ ይጻፍለታል። ለዚህ ሁሉ የትራንስፖርቱ፣ የአልጋውና የምግቡ ገንዘብ ከየት ይመጣል? የለቀማ ሥራዋን ትታ ከሄደች የዕለት ገቢዋ ተቋረጠ፤ ካልሄደች ወረቀቱ ቀረ። ድጋፍ የሚሰጠው ወረቀት ላመጣ ነው፣ ወረቀቱን ለማምጣት ደግሞ ድጋፉ ያስፈልጋል፤ ይህን ክብ የነደፈው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ከሁሉ የሚያስቆጣው ይህን ማስረጃ የሚጠይቀውና የሚሰጠው አንድ አካል መሆኑ ነው። ሐኪሙን የሚያሠለጥነው፣ የሚመድበው፣ ክሊኒኩን የሚከፍተው ወይም የማይከፍተው መንግሥት ነው። ምርመራው የዘገየው እናቲቱ ስለሰነፈች ሳይሆን አገልግሎቱ ስላልተስፋፋ ነው። መንግሥት በራሱ ጉድለት ምክንያት ያላደረሰውን ወረቀት ከድሃ እናት እጅ ሲያጣ፣ ጥፋተኛዋ እርሷ ሆና ማመልከቻዋ ይመለሳል። በየትኛውም የግል ውል ላይ እንዲህ ያለ አንቀጽ ቢገኝ ዳኛ ሳይስቅ አያነበውም።

ይኸው ኮሚቴ ድህነትን የሚለየው እንዴት እንደሆነ ደግሞ እንመልከት። ይህ ድጋፍ የሚሰጥበት የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በመጀመሪያ በ11 ከተሞች ተጀምሮ ወደ ሌሎች ሲስፋፋ፣ ተጠቃሚ የሚለየው ማኅበረሰቡ ራሱ በሚሳተፍበት መንገድ ነው። ማን በቀን አንዴ እንደሚበላ፣ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ ጎረቤት ያውቃል፤ መዝጋቢ ቤት ለቤት ሄዶ የቤቱን ሁኔታ ያያል፤ ዝርዝሩ ይለጠፋል፣ ቅሬታ ያለው ያቀርባል። ድሃ ነኝ ለሚል ሰው ከአዲስ አበባ የድህነት ስፔሻሊስት ፊርማ አምጣ የሚለው የለም። ታዲያ የቤትን ጎዶሎ በዓይኑ አይቶ ለመወሰን የሚበቃ ኮሚቴ፣ አምስት ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ ሽንቱን የማይነግር፣ በር ከተከፈተ ሮጦ ወደ አዌይቱ ወንዝ የሚወርድ ልጅ ተጨማሪ ጠባቂ እንደሚያስፈልገው ለማየት ምን ይጎድለዋል? ይህን የመንደሩ ልጆች እንኳ ያውቁታል።

በዚህ ላይ ወረቀት የሌላት እናት ድጋፉን ማጣቷ ብቻ አይበቃም። ቀጥታ ድጋፍ የሚሰጠው መሥራት ለማይችሉ ነው፤ የሚችሉት በአካባቢ ልማት ሥራ ተሠማርተው ይከፈላቸዋል። በመዝገቡ ላይ እርሷ እጅና እግሯ የተሟላ፣ ለሥራ የደረሰች ሴት ናት። ስለዚህ መጥረጊያ ይዛ ለመንገድ ጽዳት ትመደባለች። ልጁንስ? አስራው ትሂድ? ቤት ውስጥ እየተቆለፈባቸው የሚውሉ ልጆች መኖራቸውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሲሰማም እናቶቹን ጨካኝ ብለን እንኮንናለን። መቆለፊያውን ያስገዛት የመዝገቡ አሠራር መሆኑን ግን ማንም አይናገርም።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ መድከም አያስፈልግም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዛል። (አቅም የሚለውን ክፍል ኃላፊዎቻችን በቃላቸው ያውቁታል፤ የቀረውን ደግሞ እኛ እናስታውሳቸዋለን።) ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 26 ሰው ራሱን ችሎ እንዲኖር የሚያግዘው የማብቃት አገልግሎት በተቻለ መጠን ገና ከጅምሩ እንዲሰጥና በእያንዳንዱ ሰው ፍላጎትና ብርታት ምዘና ላይ እንዲመሠረት ይደነግጋል። አንቀጽ 28 ደግሞ የማኅበራዊ ጥበቃ መብትን ያውቃል። ይህ ስምምነት ለጌጥ የተሰቀለ አይደለም፤ ከጸደቀበት ቀን ጀምሮ የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ገና ከጅምሩ የሚል ሕግ ባለበት አገር፣ የልጁ ዋነኞቹ የመማሪያ ዓመታት በወረፋ ካለቁ በኋላ ኑ ማለት ሕጉን መሻር ነው።

ኃላፊው የትም አገር ያለ ማስረጃ ገንዘብ አይሰጥም ማለታቸውንም ሰምቻለሁ። ተሳስተዋል። በእንግሊዝና በዌልስ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች ለሆኑ አካል ጉዳተኛ ልጆች የሚሰጠው ድጎማ የተረጋገጠ የበሽታ ስም እንደ ግዴታ አይጠይቅም። ቅጹ የሚጠይቀው ልጁ ከእኩዮቹ ይልቅ ምን ያህል ተጨማሪ እንክብካቤና ጥበቃ በቀንና በሌሊት እንደሚያስፈልገው ነው፤ ችግሩም ቢያንስ 3 ወር የቆየ፣ ወደፊትም ቢያንስ 6 ወር የሚቀጥል መሆን አለበት። ምርመራ እየጠበቀ ያለ ልጅ ወላጅ ማመልከት ይችላል። የእነርሱን ካዝና ከእኛ ካዝና ጋር አላወዳድርም፤ ቅጽ ላይ ትክክለኛውን ጥያቄ ለመጻፍ ግን ሀብታም መሆን አያስፈልግም። ወረቀቱና ቀለሙ አንድ ነው።

ገንዘቡ ውስን መሆኑን አልክድም። ውስን የሆነ ገንዘብ ግን ይበልጥ ለሚያስፈልገው ይሰጥ ማለት እንጂ፣ ይበልጥ ለተጓዘው ይሰጥ ማለት አይደለም። አሁን ባለው አሠራር ማስረጃውን ቀድሞ የሚያገኘው አዲስ አበባ ዘመድ ያለው፣ ለግል ክሊኒክ የሚከፍለው፣ ማንን መጠየቅ እንዳለበት የሚያውቀው ነው፤ ድጋፉን የሚያጣው ደግሞ ድጋፉ የተቋቋመለት ሰው ነው።

መፍትሔውም ሰማይ ላይ የተሰቀለ አይደለም። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ትሄዳለች፤ የትኛው ቤት ምን ዓይነት ልጅ እንዳለ ከማንም በላይ ታውቃለች። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት፣ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ሕፃናት የተዘጋጀው የመለያ መጠይቅ 20 ጥያቄዎች ብቻ ያሉት ሲሆን መልሱን የሚሰጡት ወላጆች ናቸው። ይህ ምርመራን አይተካም፤ ልጁ ለምርመራ መላክ እንዳለበት ግን ያሳያል። ከፍ ላሉት ደግሞ የባለሙያዋ የጽሑፍ አስተያየት፣ የመዋዕለ ሕፃናት መምህሯ ወይም የእድሩ ምስክርነት፣ ልጁ ክትትል ላይ ነው የምትል የጤና ጣቢያ ወረቀት ተያይዞ ለአንድ ዓመት ጊዜያዊ ድጋፍ ቢፈቀድ፣ ምርመራው ሲደርስ ጉዳዩ እንደገና ይታያል። ሐኪሙ በመጨረሻ ኦቲዝም አይደለም ቢልስ? የመስማት ችግር ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ነው ይል ይሆናል፤ ያም ቢሆን ልጁ በዚያ ዓመት የተጠበቀበትና የተመገበበት ገንዘብ አልባከነም፣ የተቀየረው የበሽታው ስም ብቻ ነው።

እስከዚያው ኮሚቴው ዛሬውኑ፣ ያለ ምንም በጀት ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። ማመልከቻ በቃል መመለስ ይቁም። ያመለከተች እናት ሁሉ ትመዝገብ፣ ማመልከቻዋ ላይ ቀንና ቁጥር ይጻፍበት፣ ውድቅ ከተደረገም ምክንያቱ በማኅተም ይሰጣት። በቃል የተባረረ ሰው ለቅሬታ ሰሚው የሚያሳየው ነገር የለውም፤ ምርመራ እየጠበቁ ያሉ ልጆች ቁጥርም ከየትኛውም የከተማዋ መዝገብ ላይ ሳይታይ፣ በሚቀጥለው በጀት ጊዜ ፍላጎት የለም ተብሎ ይታለፋል። ቀጣዩ የተጠቃሚዎች ዝርዝር ከመለጠፉ በፊት በስብሰባው ላይ የተነሡት ወላጆች ተጠርተው ማመልከቻቸውን ያስገቡ፤ ኃላፊውም ያንን መልሳቸውን በጽሑፍ ያስፍሩልንና ፊርማቸውን ያኑሩበት።