ማስተካከያ፦ በሞተሪኖ ከጭቃና ከወንዝ ስለመውጣት

በአዳማ አሽከርካሪዎች ዘንድ በስፋት የተሰራጨው መልእክት፣ ጭቃ ወይም ወንዝ ውስጥ ሞተሩ የጠፋበት ማንዋል መኪና «ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሪኖውን አንድ ደቂቃ በመያዝ» ይወጣል ይላል። ሞተሪኖ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳው በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሞተር ነው። ማርሹም ጊዜውም ስህተት ነው።

የአምራቾች መመሪያ መጽሐፍ ለተለመደው ማስነሳት እንኳ ቁልፉን ከ30 ሰከንድ በላይ መያዝን ይከለክላል። ማርሽ ሲገባ ሞተሪኖው የመኪናውን ክብደትም ስለሚገፋ ከ5 ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከዚያ 2 ደቂቃ ይረፍ። አለዚያ የሞተሪኖው የሽቦ ጥቅልል ሊቃጠል ይችላል። ማርሹ አንደኛ ነው፤ ፎር ባይ ፎር ከሆነ በዝቅተኛው፣ በፎር ኤል። ፍሪሲዮን አይረገጥም፤ ስለዚህ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ የማይነሱ አዳዲስ መኪኖች ላይ ዘዴው አይሠራም።

የሚጠቅመውም ጥቂት ሜትር ለመራቅ፣ ለምሳሌ ከባቡር ሐዲድ ላይ ለመውረድ ነው። በወንጂ በኩል ባሉት የእርሻ መንገዶች በክረምት እስከ አክስል ለሰመጠ መኪና አካፋና ገመድ ይሻላል።

ከሁሉ የከፋው የወንዙ ምክር ነው። ውሃ አይታመቅም፤ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ በኋላ ሞተሩ ቢዞር ቢየላ (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ሊጣመም ይችላል። የአየር ፊልትሮው ከራሰ ቁልፉን አይንኩ። መኪናው በዜሮ ማርሽ ይጎተት፤ ማርሽ ከገባ ጎማው ራሱ ሞተሩን ያዞረዋል። ከዚያ ካንዴላው (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው)፣ በናፍጣ መኪና ደግሞ ኢንጀክተሩ (ናፍጣውን የሚረጨው) ተፈትቶ ውሃው ይውጣ።