ኒኮ በባቡር፣ ጎርጎራ በስልክ

ቶኪዮ እንግዳ ሲመጣብኝ የምወስደው ኒኮ ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን ያለች የተራራ ከተማ ናት፤ ከአሳኩሳ ጣቢያ በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የምወዳት ሦስት ነገር በአንድ ቀን ስለምታሳይ ነው፤ ጥንታዊ መቅደስ፣ የእግር መንገድ፣ ሐይቅ ላይ ጀልባ። ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤት መግባት ይቻላል።

ዘንድሮ ጎንደር ስመጣ ለአክስቴ ልጆች እንደዚያ ያለ ቀን ላዘጋጅ ብዬ ተነሳሁ። መድረሻችን ጎርጎራ። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአዘዞ ታጥፎ፣ በቆላ ድባና በጯሂት አልፎ ጣና ዳር መድረስ ነው። ደብረ ሲና ማርያም አለች፣ ገዳማቱ አሉ፣ በእግር የሚኬድበት ዳርቻ አለ። ልጆቹ ጎንደር ተወልደው ጎንደር ያደጉ ናቸው፤ ጎርጎራን ግን አንዳቸውም አያውቋትም። ጎረቤቱን ስጠይቅም ያው ነው። ባሕር ዳር የሄደ ሞልቷል፣ አዲስ አበባማ የማይሄድ የለም፤ ጎርጎራ ግን ሁልጊዜ "አንድ ቀን እንሄዳለን" የሚባል ቦታ ነው።

እስቲ መጀመሪያ የኒኮን ልንገራችሁ። እቅዱን ማታ ሶፋ ላይ ተጋድሜ በስልኬ እጨርሰዋለሁ። ባቡሩ መቼ ተነስቶ መቼ እንደሚደርስ፣ ወደ ቹዜንጂ ሐይቅ የሚወጣው አውቶቡስ በየስንት ደቂቃው እንዳለ፣ የመጨረሻው መመለሻ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሁሉም ተጽፏል። ጀልባዋ ሐይቁን ዞራ ለመመለስ አንድ ሰዓት አይሞላባትም። በብርዱ ወራት አትሠራም፤ አለመሥራቷም ተጽፏል። ኬጎን የሚባል 97 ሜትር የሚወረወር ፏፏቴ አለ፣ ከሥሩ ሆኖ ለማየት በዓለት ውስጥ የሚያወርድ ሊፍት ሠርተውለታል። እግሩ የሚችል ደግሞ ሰንጆጋሃራ በሚባለው ረግረግ ላይ በተነጠፈው የእንጨት መንገድ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሄዳል። አካባቢው ድብ ስላለበት መንገደኛው ቦርሳው ላይ ቃጭል ያንጠለጥላል፤ ከሀገር ቤት የመጣ እንግዳዬ ሲሰማው "እዚህም ከብት ያግዳሉ እንዴ?" ብሎ ጠይቆኛል።

የኒኮን ዋና መቅደስ ቶሾጉን ሳይ ግን ሁሌም ትዝ የሚለኝ ጎንደር ነው። መቅደሱ የተሠራው በ1617 እ.ኤ.አ. ቶኩጋዋ ኢዬያሱ ለተባለው ገዥ ነው። ዛሬ በምናየው መልኩ በወርቅና በቀለም አሸብርቆ እንዲታደስ ያደረገው የልጅ ልጁ ኢየሚትሱ ነው፤ ሥራው ያለቀው በ1636። ዓፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ አደረጉ የሚባለውም በዚያው በ1636 ነው። ይኼን ለጃፓን ጓደኛዬ ስነግራት አላመነችም፣ ስልኳን አውጥታ አጣራች። ደግሞ እዩት፤ ፋሲል በነገሡ ማግስት ኢየሱሳውያኑን፣ የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን፣ ከሀገር ሲያስወጡ፣ ኢየሚትሱም በ1639 ፖርቱጋሎቹን አባረረ። በዓለም ሁለት ጫፍ የተቀመጡ፣ ስለ መኖራቸውም የማይተዋወቁ ሁለት ገዥዎች አንድ ዓይነት እንግዳ አስመርሯቸው አንድ ዓይነት በር ዘጉ።

የጎርጎራ ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሱስንዮስ ቤተ መንግሥታቸውን እዚያ አካባቢ ተክለው ነበር፤ ኢየሱሳውያኑም ከጎናቸው። ዛሬ ማርያም ግንብ የሚባለው ፍርስራሽ የነሱ ነው። ሱስንዮስ ሃይማኖቱን ወደ ካቶሊክ ለውጠው፣ ሕዝቡ አልቀበል ብሎ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 እ.ኤ.አ. መንበሩን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። እንግዲህ ፋሲል ግንብን የጎበኘ ሰው የታሪኩን ሁለተኛ ክፍል ነው ያየው፤ የመጀመሪያው ጎርጎራ ላይ ነው። ጎንደር ትምህርት ቤት የዋለ ልጅ ይኼን በቃሉ ይወጣዋል፣ ቦታውን ግን አላየውም።

ኒኮ እንከን የለባትም አላልኩም። በጥቅምትና በኅዳር ቅጠሉ ሲቀላ ከቶኪዮ ሕዝቡ ሁሉ ይነቀልና ወደ ሐይቁ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ይዘጋል። ወደ ሃምሳ ደቂቃ የሚፈጀው አውቶቡስ ሰዓታት ይፈጃል፣ ያ ሁሉ የሰዓት ሰሌዳ ዋጋ ያጣል። ዝንጀሮዎቹም አመለኛ ናቸው፣ ከእጅ ላይ ምግብ ይነጥቃሉ። የኛ ጭላዳ ከነሱ ጋር ሲተያይ ጨዋ ነው፤ ሣሩን እየነጨ ዞር ብሎም አያይህ። በተረፈ ኒኮ ውስጥ አንድም ሰው ሳልጠይቅ ቀኔን ጨርሼ መመለስ እችላለሁ። ብዙ ዳያስፖራ ይኼን ብቸኝነት ይለዋል። እኔ ግን እረፍት ነው የምለው፤ ማንንም ሳይለማመጡ መዝናናት የሚገኘው እኮ እንደዚህ ነው።

ምግቡም ለኛ ይመቻል። የአኩሪ አተር ወተት ሲፈላ ከላይ የሚሰፍፈውን ስስ ቆዳ ይሠሩታል፣ ዩባ ይባላል፤ መነኮሳቱ ሥጋ ስለማይበሉ የለመዱት ነው አሉ። ጿሚ እንግዳ ሲኖረኝ ሾርባው ውስጥ ዓሣ ይኑር አይኑር ብቻ ጠይቄ አበላዋለሁ።

ወደ ጎርጎራ እንምጣ። እቅዱ ስልክ እየደወሉ ነው የሚሠራው። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ጀልባ አይደለም፤ "መንገዱ እንዴት ነው?" ነው። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ ክልሉ ውስጥ ባለው ግጭት ምክንያት ከከተማ የሚወጣ ሰው ሁሉ ይኼን ይጠይቃል። መልሱ ያለው ትናንት ከዚያ የመጣ ሹፌር ጋ ነው፤ እሱም ቢሆን "ዛሬ ሰላም ነው፣ የነገውን ነገ ጠዋት ደውይልኝ" ይላል። ስለዚህ ማታ ሁሉም ነገር ተሰናድቶ ያድራል፣ መሄድ አለመሄዱ ግን ጎህ ሲቀድ ነው የሚለየው። ይኼን ከኒኮ ጋር አላወዳድረውም። ጃፓን ያለ ሰው እንዲህ ያለ ጠዋት አያውቅም፣ ጎንደር ያለውም ፈልጎ ያመጣው አይደለም።

የማወዳድረው ሌላውን ነው። ጀልባው። ለአንዱ ደወልኩ፤ "ኧረ ችግር የለም፣ እዚያ ስትደርሺ ይገኛል።" ዋጋውስ? "እሱን እዚያ ትነጋገራላችሁ።" ለሌላው ደወልኩ፤ "ስንት ናችሁ?" አለ፣ ነገርኩት። "ከውጭ የመጣ ሰው አለ?" አለ። ዝም አልኩ፣ ገባው። የትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ ይዤ እንኳ ዋጋዬ የሐበሻ ይሁን የፈረንጅ ገና የሚወሰነው በአነጋገሬ ነው። የአክስቴ ልጅ "አንቺ አፍሽን ዝጊ፣ እኔ ልናገር" አለችኝ፤ ትክክል ናት።

ቤተ ክርስቲያኑ ሌላ ነው። ደብረ ሲና በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንደተመሠረተች ይነገራል፤ ውስጧ ያለውን ሥዕል ያየ ሰው ቶሎ አይወጣም። ግን መቼ ትከፈታለች? ቅዳሴ ካለ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከሌለ ቁልፍ የያዙት አባት ካሉ፣ እሳቸው ለቅሶ ከሄዱ ደግሞ እስኪመለሱ። ይኼ አያናድደኝም፤ ቤተ ክርስቲያን ሙዚየም አይደለም፣ ጸሎት ሲኖር ጎብኚ ይጠብቃል። ለቅሶም ይቀድማል። እኔ የምለው በሩ ላይ ቅዳሴ የሚያልቅበት ሰዓት ቢጻፍ ማንን ይጎዳል?

ማንዳባ መድኃኔ ዓለም ገዳም ደግሞ ሴት አትገባም። ይኼን ከቶኪዮ አብራኝ የመጣችው ጓደኛዬ ስትሰማ የምትቀየም መስሎኝ ነበር። "የኛም ተራራ እንዲህ ነበር" አለች። እውነቷን ነው፤ ከቹዜንጂ ሐይቅ በላይ ያለው ናንታይ ተራራ እስከ 1872 እ.ኤ.አ. ለሴት ዝግ ነበር። አክስቴ በበኩላቸው "ከጀልባው ላይ ሆነን እንሳለማለን፣ ምን ጎደለን?" አሉ። እኔ የሁለቱንም ያህል አልተረጋጋሁም፤ ግን የገዳሙ ሥርዓት የገዳሙ ነው፤ ገንዘብ ከፍሎ ጀልባ ላይ ከወጡ በኋላ ከሚሰሙት ሲነሱ ቢነገር ነው ጥያቄዬ።

"እኛ እቅድ አናውቅም" የሚል ነገር ከዳያስፖራ አፍ አይጠፋም። ይኼን የሚል ሰው አክስቴን አያውቃቸውም። እሳቸው የመንፈሳዊ ጉዞ አስተባባሪ ናቸው። መስከረም 21 ግሸን ማርያም ለመሄድ ዝግጅቱ የሚጀመረው ከክረምቱ ነው። ስም ይመዘገባል፣ ብሩ በየወሩ ይዋጣል፣ አውቶቡስ በኮንትራት ይያዛል፣ ዳቦ የምትጋግረውና ቆሎ የምትቆላው ተለይታ ትታወቃለች። በሶው፣ ውኃው፣ ለታመመ ሰው መድኃኒቱ፣ ለአዛውንት የፊት ወንበሩ፣ የት ታድሮ የት ምሳ እንደሚበላ፣ አንድ ሰው ቢጠፋ ማን ጋ እንደሚደወል ሁሉም አንዲት ደብተር ላይ አለ። ሰዓት የማያከብር ሰው ትተውት ይሄዳሉ፤ አክስቴ በዚህ ጉዳይ ርኅራኄ የላቸውም። ቶኪዮ ውስጥ ከሳቸው የበለጠ ጉዞ የሚያዘጋጅ ሰው አላየሁም።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ጎርጎራ ለመሄድ ሲሆን ለምን እጃቸው ይያዛል? ለመሳለም መውጣት ምክንያት አለው፣ ለለቅሶና ለሠርግ መውጣትም እንዲሁ። ሐይቅ ለማየት ብቻ መውጣት ግን ቅብጠት ይመስላል። መዝናናት የፈረንጅ ሥራ ተደርጎ ቀረ። ቦታዎቹም እንደዚያው ተዘጋጁ፤ አስጎብኚው እንግሊዝኛ ይችላል፣ ዋጋው ለቱሪስት ነው፣ ለአገሬው ሰው ግን የጀልባ ሰዓት የሚነግረው የለም። ቱሪስቱ ሲጠፋ ደግሞ ባለ ጀልባው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ 60 ኪሎ ሜትር ወዲህ ግን ጎርጎራን አይቶ የማያውቅ ሙሉ ከተማ አለ። በገበታ ለሀገር የተሠራው ሪዞርት መምጣቱ ለአካባቢው መልካም ነው። እኔ የምጠይቀው ምሳዋን በአገልግል ቋጥራ፣ ልጆቿን ይዛ በአባዱላ ለምትመጣ እናት ነው።

ሄድን ወይ? ሄድን። ጠዋት ሹፌሩ "ሰላም ነው፣ ውጡ" አለ። አክስቴ ረቡዕም ዓርብም እንዳይሆን አስቀድመው ቀኑን መርጠውት ነበር፤ ጎርጎራ ሄዶ ዓሣ ሳይበሉ መመለስ ምን ይባላል ብለው። የደምቢያ ሜዳ እንደተዘረጋ ነው፣ ዓይን የሚያቆመው ነገር የለም። ደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች አየን፣ ጓደኛዬ ፎቶ ልታነሳ ስትል ቀዛፊው ቆም ብሎ ፈገግ አለላት። ዳር ዳሩን እምቦጭ ነበር። አረም መሆኑን የማያውቅ ሰው አበባውን አይቶ "እንዴት ያምራል" ይላል፤ የአክስቴ ልጅ ተቆጥታ አስረዳች። ቹዜንጂ ጥልቀቱ 163 ሜትር ነው፣ ጣና ግን ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። ስፋቱ ግን 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ማዶው አይታይም። ጓደኛዬ "ይኼ ባሕር ነው" ብላ ድርቅ አለች።

ለመሄድ ለምታስቡ የቀኑን ቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ጀልባውን ከጠዋት አድርጉት፤ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉ ቀልድ አይደለም። የመንሳፈፊያ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትውጡ፤ እንዋኛለን የምትሉም ቢሆን። ከዚያ ደብረ ሲና፣ ነጠላ ይዛችሁ። ምሳ። ማርያም ግንብ በእግር ሩቅ ስለሆነ ለሌላ ቀን ይቆይ። ደምቢያ ወባ አለ፣ ሳይመሽ ውጡ። የእግር ጉዞ ዋናው ነገሬ ነው የምትሉ በጭራሽ ጎርጎራ አትሂዱ፤ ከጎንደር ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ኮሶዬ ላይ ገደሉን እዩ፣ ወይ ደባርቅ ደርሳችሁ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ይዛችሁ ወደ ስሜን ተራሮች ፓርክ ግቡ። ጣናንና ስሜንን በአንድ ቀን የሚላችሁ ሰው ብራችሁን ነው የፈለገው።

ስንመለስ ለባለ ጀልባው አንድ ሰሌዳ እንዲሰቅል ነገርኩት። መነሻ ሰዓት፣ ዋጋ በሰው፣ ሴት የምትገባበትና የማትገባበት ገዳም፣ የሱ ስልክ። ሳቀብኝ። "እህቴ፣ ነዳጁን ዛሬ የገዛሁበት ዋጋ ነገ የለም። ጽፌ በነጋታው ብጨምር ሌባ ልባል ነው?" አለ። በጠመኔ ጻፈው፣ ሲጨምር አጥፋው አልኩት። "ሲቀንስስ?" አለች የአክስቴ ልጅ። "ሲቀንስ እኔም አላውቅ፣ ቀንሶ አያውቅም" አለ። አክስቴ ስልኩን ደብተራቸው ላይ ጻፉና በደህና ቀን ሃምሳ ሰው ቢያመጡለት በሰው ስንት እንደሚያደርግላቸው ይከራከሩት ጀመር።